የቁይ በሽተኞች

«እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ?» አለ አስተርጓሚው ፍቅረ ሥላሴ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።

«ተመስገን! ማንም የለ። ቤቱ ሁሉ ደህና ነው» አለ አያ ታረቀኝ።

ይህን ያለው መደብ ላይ ተጋድሞ ነው። የተጋደመው ደግሞ መቆም አቅቶት ነው። በቅሎ የረገጠችው ግራ እግሩ ቅልጥሙ ላይ ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ አሁን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጋቢ ውስጥ ተደብቋል። ጨርቁን ትናንት ጠዋት የጠቀለለለት ጥሊያኑ ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ ሲጠቀልል እግሩን ደግፎ የያዘው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ይኸው ፍቅረ ሥላሴ ራሱ። የመድኃኒቱ ሽታ ቤቱን ከመሙላቱ የተነሣ ዶሮዎቹ እንኳ ከመደቡ ሥር ማደር ትተዋል። ሁለቱ ሰዎች ግን ገና ዛሬ እንደተገናኘ እንግዳ ፊት ለፊት ተያዩና አንዱ ደህና ነኝ አለ፣ አንዱ ደህና ነው ብሎ ጻፈ። ፍቅረ ሥላሴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አርባ ሦስት ቤት ገብቶ አርባ ሦስት ጊዜ «ደህና» ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ጤነኛ አገር ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ ታይቶ አይታወቅም።

የታረቀኝ ሚስት የብርጓል ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሳቋ አልቻል ብሏት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለእንግዳው ጠላ ቀድታ ወጣች። ፍቅረ ሥላሴ ጠላውን በአንድ ትንፋሽ አጋመሰና ወረቀቱን አጠፈው።

«እንግዲህ የመጨረሻው ቤት የእናንተ ነው። ሐኪሙ ዛሬ ማታ ጽሑፉን ጨርሶ ያሽገዋል፣ ነገ ማለዳ ካሚዮኑ ይዞት ይሄዳል። ከሰኞ ጀምሮ ሐኪም ቤቱ ወደ ቁይ ነው።»

«ወዴት?» አለች የብርጓል።

«ወደ ቁይ። በሽተኛው ሁሉ የቁይ ሰው አይደል? እዚህ ጤነኛ አገር ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» ብሎ የቀረችዋን ጠላ ጨልጦ፣ አመስግኖ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥሊያን ሦስተኛ ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ ይህ ሐኪም ቤት ሲከፈት፣ የጠላትን መድኃኒት እነካለሁ የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ዱር ያሉት ቢሰሙ ባንዳ ይላሉ፣ ጎረቤት ቢያይ ዱር ላሉት ያደርሳል፣ ቄሱም ቢያውቁ ያወግዛሉ። ግን በሽታ መች ይሉኝታ ያውቃል? ሰዉ ሁሉ ለጎረቤቱ «ጠበል ልጠመቅ» እያለ፣ ማልዶ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ በጓሮ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ይል ጀመር። ሐኪሙ ስም ሲጠይቀው የሞተ አጎቱን ስም ይሰጠዋል። አገር ሲጠይቀው «ቁይ» ይለዋል። የፊተኛው ቁይ አለ፣ የኋላኛው የፊተኛውን ሰምቶ ቁይ አለ፤ ጥቂት ፈጠራ የሚወዱ ደግሞ ይጁቤ ብለዋል። ቁይ እንግዲህ ለደህና እግረኛ እንኳ መንገድ ላይ ሳያድሩ አይደረስም። ሐኪሙ የነገሩትን የሚጽፍ ቅን ሰው ነበርና፣ ያው ሰው ያንኑ ቁስል ይዞ በየማግስቱ ሲመጣ፣ «እነዚህ የቁይ ሰዎች ምን ዓይነት እግር ነው የሰጣቸው!» እያለ ይደነቅ ነበር። ፍቅረ ሥላሴም «ደገኛ እግረ ቀላል ነው፣ ጌታዬ» ይለዋል። ፍቅረ ሥላሴ ያደገው ቤተ ክህነት፣ ጥሊያንኛ የለመደው በአንድ ክረምት ነው፤ የሚመራበት ሕግም አንድ ብቻ ነው፦ አስተርጓሚ የተባለውን ይተረጉማል እንጂ ያልተባለውን አይጨምርም።

ታዲያ የሐኪሙ አለቆች ከላይ ሆነው ወረቀት ላኩበት። ይህ ሁሉ መድኃኒት ወዴት ይገባል? ሐኪም ቤቱ ለበሽተኛው ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? በዚሁ ወጪ ብዙ ሰው የሚድነው የት ቢሆን ነው? አጥንተህ አሳውቅ አሉት። ሐኪሙ ማስመሪያ ይዞ ተቀመጠ። መዝገቡን ቢቆጥር ከሁለት መቶ አሥር በሽተኛ መቶ ዘጠና አንዱ ከቁይ ሆኖ አገኘው። ልጠንቀቅ ብሎ ደብረ ማርቆስን ቤት ለቤት ቢያስጠይቅ አንድ የሚያስነጥሰው ሰው ጠፋ። እንግዲያስ በሽተኛው ይህን ሁሉ መንገድ ከሚንከራተት እኔ ልሂድለት ብሎ ቆረጠ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በሐኪሙ ሐሳብ ላይ እንከን አይወጣለትም። ውሸቱ የእኛው ነው።

ፍቅረ ሥላሴ ሲወጣ የብርጓል ወደ መደቡ ቀረበች። የብርጓል ባሏን ሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን አንተ ትለዋለች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ምን አለ፣ ጠበሉ አለ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጠበሉማ ድሮም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተጠምቆ፣ መስከረም ሲጠባ ቁስሉ ሌማት ሊያክል ምንም አልቀረውም ነበር። ሐኪሙ የነገረውን የብርጓል በቃሏ ይዛዋለች፦ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እያለፈ ካልታጠበና መርፌ ካልተወጋ ቁስሉ አጥንት ይገባል፤ አጥንት ከገባ መቁረጥ ነው። ታረቀኝ ደግሞ ኮርቻ ሰፊ ነው። ኮርቻ የሚሰፋው በሁለት ጉልበት መሃል ጥርቅም ተደርጎ ተይዞ ነው፤ ባንድ እግሩ ኮርቻ የሰፋ ሰው እሷ አላየችም፣ ሌላም ሰው አላየም። ይህን እያወቀ የሚግደረደርበት ምክንያት ነበረው። ጥቅምት ላይ በሚካኤል ማኅበር ብርሌውን እንደያዘ ብድግ ብሎ፣ «የጥሊያን መድኃኒት ከምነካ እግሬ ይቆረጥ!» ብሎ ምሏል። ማኅበርተኛው ሁሉ አጨብጭቦለታል፤ አንዳንዱም አልቅሶለታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማለ በአሥረኛው ቀን ሲያቃስት አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ሚስቱን ተደግፎ በአጥሩ ቀዳዳ መግባቱን ግን ያየ የለም።

«ተነሥና ሂድ። የዚህ አገር ሰው ነኝ በለውና መዝገቡን ያርመው» አለችው።

«ሕዝብ እየሰማ? ሰው ምን ይለኛል!»

«እንዳሻህ። እግሬ ይቆረጥ ብለህ ምለህ የለም? እግዜር ሰምቶህ ነው ሐኪሙን ወደ ቁይ የሚሰድልህ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ተናዳለች፤ ደግሞም ፈርታለች። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ቢናዘዝ ሐኪሙ አንዱን መስመር ይሰርዛል እንጂ ሐኪም ቤቱን አያስቀርም። ሰው መሰብሰብ አለበት። ችግሩ፣ ታሞ የማያውቅ ሰው ታመሃልና ና ተብሎ እንዴት ይጠራል?

መጀመሪያ የገባችው እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ዘንድ ነው። መነኩሲቱ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸውን ሲያማቸው ዓመታት ሆኖታል፤ አሁን ግን የሐኪሙ ቢጫ ቅባት ከሽፋሽፍታቸው ላይ በፀሐዩ ያብለጨልጫል።

«ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ፣ እማሆይ?»

«ተመስገን ልጄ። ማርቆስ ረድቶኝ በጠበሉ ሽሮልኛል፤ ያዳም ልጅ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል ብለሽ?»

«ደግ ነው። እኔስ የሰማሁትን ልነግርዎ ብዬ ነው። ሐኪሙ ሰኞ ወደ ቁይ ሊሄድ ነው።»

እማሆይ ከቁርበታቸው ላይ ከፍ አሉ። «ቁይ ምን ይሠራል?»

«በሽተኛው ሁሉ ከቁይ ነኝ ብሎት ነዋ።»

«አበስኩ ገበርኩ! እኔ እኮ ያልሁት አንድ ጊዜ ነው! ቁይ አክስት ነበረችኝ፣ ድንገት ብጠየቅ እሷ ትዝ አለችኝ። ሌላው ምን አገባውና ነው የእኔን አክስት አገር የሚጠራ?» አሉና ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

የብርጓል እንዳልሰማ ሰው ሆነች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሐኪም ቤቱ እንደምትሄድ ብቻ ነግራቸው ወጣች።

ከዚያ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ እንዳላማው ነው። መምሬ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከዋርካው ጥላ ሥር ቆመው ዳዊት ይደግማሉ። ልብ በሉ፣ ቆመው ነው። ሦስት ወር ሙሉ መምሬ ሲቀመጡ ያየ የለም፤ ልቅሶ ላይ ቆመው፣ ማኅበር ላይ ቆመው፣ ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽሮቹ ተቀምጠው እሳቸው ቆመው ነው የበሉ። ሕዝቡም ትሕርምት ይዘዋል እያለ ከበፊቱ ይልቅ አብልጦ ያከብራቸው ጀመር። የብርጓል ግን አንድ ማለዳ ባሏን ይዛ ስትገባ፣ መምሬ ትንሽ ብልቃጥ በካባቸው ሥር ይዘው፣ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሲወጡ ተገጣጥማ ነበር። የኪንታሮት ቅባት መሆኑን ፍቅረ ሥላሴ ለማንም አልተናገረም፤ አረማመዳቸው ተናገረ።

መስቀል ተሳለመችና ነገረቻቸው።

«ይሂድ!» አሉ መምሬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይሂዳ! የመናፍቁን ብልቃጥ አትንኩ ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ? እሰይ፣ ተገላገልን!» ሁለት መስመር ያህል ከዳዊቱ አነበቡና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «መቼ ነው ያልሽኝ የሚሄደው?»

«ሰኞ፣ አባቴ።»

«ሰኞ...» አሉ። ዳዊቱን አጠፉት። «ሲሄድ እንግዲህ ያን ሁሉ ብልቃጥ ይዞት ነው የሚሄድ?»

«አንድም አይቀር ይላሉ።»

መምሬ ዋርካውን ደገፍ አሉ። የብርጓል ከልቧ አዘነችላቸው። ሰው ሕመሙን ደብቆ መታመሙ ሳይበቃ፣ ደብቆ መዳንም ግዴታ ሲሆንበት ክፉ ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ነኝ» አለችና እጅ ነሥታ ሄደች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ልትጨምርላቸው አስባ ነበር፤ ግን የነፍስ አባት ናቸውና ተወችው።

ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ቤት ዞረች፤ የቀረውን ወሬው ራሱ ዞረ። ወሬ በአገራችን ካሚዮን አይፈልግም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የብርጓል ከሐኪም ቤቱ ጓሮ ደረሰች። ደርሳም ያየችውን ማመን አቃታት። በአጥሩ ቀዳዳ ዙሪያ ስልሳ የሚያህል ሰው ነጠላውንና ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ቆሟል። ሁሉም ብቻውን ሹልክ ብሎ ለሐኪሙ በጆሮው ሊያንሾካሹክለት ነው የመጣው፤ ቀዳዳዋ ግን አንዲት ናት፣ ባንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አታስገባም። ፊታቸውን ቢሸፍኑ ምን ይጠቅማል? ሰው በዱላው ይታወቃል፣ በጫማው ይታወቃል፣ በሳሉ ይታወቃል። አንደኛው ማኅበርተኛ ሌላውን ማኅበርተኛ «እርስዎም?» አለው። «አይ፣ እኔስ በሽተኛ ልጠይቅ ነው።» «እኔም እኮ በሽተኛ ልጠይቅ ነው!» ስልሳው ሰው በሙሉ በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቷል። በሽተኛው ብቻ የለም።

ሁካታውን ሰምቶ ሐኪሙ በነጭ ካፖርቱ ወጣ፤ ፍቅረ ሥላሴም ተከተለው። ሕዝቡ ቀስ በቀስ በቀዳዳዋ እየሾለከ ግቢው ውስጥ ተኮለኮለ። የብርጓል ቀድማ ተናገረች፤ በመዝገቡ የተጻፉት የቁይ ሰዎች ሳይሆኑ የዚሁ አገር ሰዎች እንደሆኑ አንድ በአንድ አስረዳች። ፍቅረ ሥላሴ ተረጎመ። ሐኪሙ አንዴ እሷን አንዴ ሕዝቡን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያስ ከእናንተ መካከል የደብረ ማርቆስ ሰው ሆኖ እዚህ የታከመ ማነው ይላል» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

እማሆይ ወደ መምሬ ያያሉ፣ መምሬ ወደ ሰማይ ያያሉ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰብቆ ሊመለስ እግሩን አነሣ። የብርጓል በሽተኛ አይደለችም፣ በማን አፍ ትናገር?

በዚህ መሃል ዋናው በር ተንጓጓ። የከተማው ሰው ደፍሮ በማይገባበት በር፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው፣ አያ ታረቀኝ በዱላ ተደግፎ ገባ። ፊቱን አልሸፈነም። ከቤቱ እስከዚያ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት መንገድ ነው፤ እሱ ግን ላቡ በጢሙ ይወርድ ነበር። ማኅበርተኞቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየና ከመካከል ቆመ።

«ስሜ ታረቀኝ ነው» አለ። «በመዝገቡ ደምለው የቁዩ የተባልሁት እኔ ነኝ። ደምለው አጎቴ ነው፣ ከሞተ አሥር ዓመቱ፤ እግሩም ደህና ነበር። አገሬ ይኸ ነው። የጥሊያን መድኃኒት ከምነካ እግሬ ይቆረጥ ብዬ በሚካኤል ምያለሁ፤ ሰምታችኋል፣ አጨብጭባችኋል። ዋሽቻለሁ። ጥሊያንን ዛሬም አልወደውም፤ እግሬን ግን እወደዋለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ከዚያ ያ ሁሉ ነጠላ ወረደ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተሽቀዳደመ እውነተኛ ስሙን ይናገር ጀመር። እማሆይ «ቁይን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» እያሉ አለቀሱ። መምሬ እንዳላማው ሰው መሃል ገብተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በመዝገቡ መርጌታ እገሌ የተባልሁት... ዝርዝሩን ሐኪሙ ያውቀዋል» ብለው በዚያው ዝም አሉ፤ የተማሪዎቻቸው እናቶች ሁሉ የትሕርምቱን ምሥጢር ያን ጊዜ ተረዱ። ሐኪሙ መዝገቡን አስመጥቶ፣ ማስመሪያውን ይዞ፣ መስመር በመስመር ይሰርዝ ጀመር። መጀመሪያ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ በኋላ ግን ሲሰርዝ ሲሰርዝ እሱም ሳቁን መያዝ አቃተው። ቁይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶዋን ቀረች። ሐኪም ቤቱም እንደማይሄድ ሐኪሙ በራሱ አፍ ተናገረ። የብርጓል እልልታዋን ለቀቀችው።

ሕዝቡ ሊበተን ሲል ከግንቡ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። ከቀትር ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ አንዲት አሮጊት በደበሎ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ አህያቸውም ከደጅ ታስራለች። እጁን አጣምሮ ወደ ሐኪሙ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ እኔ ጥሩሰው እባላለሁ። ያቻት ሚስቴ ንግስት ናት፤ ሆዷ አብጦ ሞትን እየጠራች ነው። ከቁይ ነን።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሆዱን ይዞ መሬት ላይ የተቀመጠም ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ዓይኑን እየጠረገ፣ «አባባ፣ አሁንማ ቁይ ቀረች። ሁሉም እውነቱን ተናግሯል፣ አይፍሩ» አለው።

«የምን መፍራት ነው? ከቁይ ነን እንጂ። መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አድረናል። በር ጠባቂው ሐኪሙ ወደ አገራችሁ ሊመጣ ነው ብሎኝ፣ ለሷም ነግሬያት፣ ስታመሰግን ነበር» አለ ሽማግሌው፣ የሚያስቀው ነገር ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት።

ፍቅረ ሥላሴ ያችኑ የተባለችውን ተረጎመ። ሐኪሙ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ጣቱን በሽማግሌው ላይ እያወዛወዘ፣ ከእንግዲህስ ማንም አያታልለኝም አለ። በሽተኛዋን ግን አልናቃትም፤ ሆዷን ዳሰሰ፣ መርፌ ወጋት፣ ለወር ያህል አንድ ቀን እያለፈ ትምጣ አለ፤ ከዚያ አገሩ በሚጻፍበት ቦታ ላይ በገዛ እጁ «ደብረ ማርቆስ» ብሎ ጻፈ። ቤታችሁ ቅርብ ነው፣ አትቸገሩም አላቸው።

የብርጓል የሽማግሌውን እግር አየች። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል፣ የስንቅ አገልግሉም ባዶውን ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ሰው እውነቱን ነው። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሐኪሙ እንደገና ማስመሪያውን ቢያነሣስ? የባሏን እግር አየች። አፏን ዘጋች።

ሰዉ እየተሳሳቀ በዋናው በር ወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀዳዳዋ የሚገባ አልነበረም። የቁዮቹ ባልና ሚስት አህያቸውን ፈትተው መንገድ ዳር ቆመዋል። የብርጓል አልፋቸው ልትሄድ ሞክራ አልቻለችም። ተመለሰችና የአህያዋን ገመድ ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች። «የእግዜር እንግዶች ናችሁ፣ እኛ ዘንድ ነው የምታርፉት» አለች። ቤት ሲደርሱ ታረቀኝ ማንም ሳይነግረው ከመደቡ ላይ የራሱን ጋቢ አንሥቶ፣ ለንግስት አነጠፈላትና እሱ ያልተሰፋ ኮርቻ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ሚስቱን አስተኝቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«የኔ እመቤት» አለ፣ «እኔ እኮ እውነቴን ነው። ከቁይ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«ያውቃሉ?»

«እግርዎን አይቼ አውቄያለሁ።»

ሽማግሌው በቁጣ ሳይሆን ነገሩ ስላልገባው ብቻ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አሉ?» አላት።

የብርጓል የእግር ውሃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ገበቴውን ይዛ ወጥታ፣ ጎንበስ ብላ እግሩን አጥባ እስክትጨርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።